ሰማያዊው የእንቅልፍ ወረቀት

— ሄሎ… ሄሎ? … ማን ልበል? … አቶ ነጥብ! አንተ ነህ እንዴ? … አለሁ፣ አለሁ። ድምፄ ነው እንጂ የጠፋው እኔስ አለሁ። ጉንፋኑ አፍንጫዬን ዘግቶ ከጉድጓድ ውስጥ የምናገር አስመሰለኝ።

— አልቀሰቀስከኝም። … ተኝቼ ነበር፣ ግን ያም እንቅልፍ አይባልም። መድኃኒቱ ያንሳፍፈኛል። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ መጋረጃውን አያለሁ። ቢጫ መጋረጃ ነው ያለን፤ የከሰዓት ፀሐይ ስትገባበት ክፍሉ በሙሉ ማር የተደፋበት ይመስላል። አንተም ከማሩ ውስጥ ሆነህ የምታወራኝ ነው የሚመስለኝ። … ሳቅ፣ ሳቅ። ትኩሳት ሲይዝህ እጠይቅሃለሁ።

— ብቻዬን ነኝ። የእኔው ሰውዬ ወጥቷል። … አስር ሰዓት ግድም ይመጣል። አሁን ስንት ሆነ? … ዘጠኝ ከአስር? ጥሩ፣ ገና ነው።

— ውረጂ አንቺ… ድመቷ ናት፣ ደረቴ ላይ ካልተኛሁ ብላ። … በል ንገረኝ። ለጤናዬ ብለህ እንዳልደወልክ አውቃለሁ። አንተ ሰው ሲታመም መልእክት ነው የምትልከው፤ ከደወልክ ፎርም ጎድሎብሃል።

— የስንት ቁጥር ቤት? … ሃያ ሰባት። …

— አይ፣ አልጠፋሁም። እያሰብኳት ነው። … ጽሕፈቱ ምን ሆነ? … ዶሮ የጫረችው? አመሰግናለሁ! በግራ እጄ ነዋ የጻፍኩት፣ ቀኙ በፋሻ ታስሮ አልነበር። … አሁንማ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። ስልኩንም የያዝኩት በእሱ ነው።

— እሺ፣ ነጩ ገጽ ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ባዶ ነው፣ አውቃለሁ። … ሌላስ ምን አገኘህ? … ተያይዞ? … አዎ፣ ሰማያዊውን እኔ ነኝ በስቴፕለር ያያያዝኩት። … በስህተት አይደለም። ስህተትም ከሆነ አውቄ የሠራሁት ስህተት ነው።

— ምንድን ነው ትለኛለህ እንዴ? ስድስት ወር ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብለህ ፎርም ስታርም የሰማያዊውን ነገር ማንም አልነገረህም? … ይገርማል። እንግዲያው ስማ፤ ይሄ የእኛ የጠያቂዎቹ ነገር ነው፣ እናንተ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

— ነጩ ላይ ያለውን ታውቀዋለህ። ባልሽ መትቶሽ ያውቃል? ገፍትሮሽ? አስፈራርቶሽ? ስንት ጊዜ? ይሄ የሚጠየቀው ሴትየዋ ብቻዋን ስትሆን ነው። ሰው ከገባ… ባል በለው፣ አማት በለው፣ ጎረቤት በለው… እኛ ድምፃችንን ሳንለውጥ ሰማያዊውን ነጩ ላይ ሸተት እናደርጋለን። ሰማያዊው ስለ እንቅልፍ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ስንት ትራስ ይጠቀማሉ? ሌሊት ይነቃሉ? ህልም ያያሉ? … በቃ። የገባው ሰው ትንሽ ያዳምጥና ይሰለቸዋል። ሴትየዋም ከጣጣ ትድናለች።

— አይቆጠርም። ማታውኑ ቀድዳችሁ ጣሉት ነው ትእዛዙ። … አልቀደድኩትም። … ቆይ፣ እመጣበታለሁ። አታጣድፈኝ፣ ራሴ ይዞራል።

— … ሄሎ? … አለሁ። ትንሽ ወሰደኝ። ጣሪያው ላይ ብርሃን ይንቀሳቀሳል፤ ውጭ መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር የመስተዋቱ ነጸብራቅ ይመጣና ይዋኛል። እሱን እያየሁ ነው ያመለጥኩህ።

— ምን? … እስከ አስር ሰዓት ፋይሉን ልትዘጋው? ዛሬ? … ባዶ ከሆነስ? … «የለም»? እንዴት ነው ባዶ «የለም» የሚሆነው? … ኮምፒዩተሩ ነው የሚሞላው? ባዶ ሲያገኝ በራሱ «የለም» ይላል? … ከመቼ ጀምሮ? … ከድሮም?

— ወይ ጉድ። … አይ፣ አልተቆጣሁም። አንተን ምን አድርጌ እቆጣሃለሁ። ገርሞኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ደረጃ ስወጣና ስወርድ፣ ዝም ያለችውን ሴት ሁሉ «ደህና ነኝ ብላለች» ብላችሁ ነበራ የምትጽፉት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል ወንድሜ፣ ዝምም ይነቅዛል።

— ጠዋት ሬዲዮውን ሰምተሃል? … ያ ባለ ወፍራም ድምፁ፣ ካለፈው ጥናት ቁጥር አውጥቶ «ከሦስት ሴቶች ሁለቱ በሰላም ነው የሚኖሩት፤ ስለ እነሱ ለምን አይወራም?» አላለም? አብራው የቀረበችው ጠበቃ ደግሞ «ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል» አለች። «በምን አወቅሽ?» አላት። እሷም ዝም አለች። አየህ፣ እሷም ባዶ ገጽ ሆነች። እሱ ቁጥሩን በአንድ ጫፍ ይዞ ይጎትታል፣ እሷ በሌላው። እኔ እዚህ ተኝቼ፣ ኧረ ቀስ በሉ፣ ውስጡ ሰው አለ እላለሁ።

— እሱን ደግሞ ሰማሁት። «እኛን ወንዶቹንስ ማን ጠየቀን?» ያለውን ደዋይ። … እውነቱን ነው። ለምን አይጠየቅ? እኛ ሰፈር አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ ጉንጩ ላይ ጭረት ይዞ ይመጣል፣ «ምላጭ ነው» ይላል። ሃያ ዓመት ሰው ሲላጭ አንድ ቀን ያላደማ ሰውዬ ራሱን ሲላጭ ነው እጁ የሚስተው? … ይቆጠር፣ ሰማያዊም ይሠራለት። እኔ የሚያናድደኝ እሱ መቆጠሩ አይደለም፤ አንዷን ለማጥፋት ሌላውን መጥራታቸው ነው።

— እሱማ ያለፈው ጥናት ቁጥር ከመቶ ሠላሳ አራት ነጥብ ሁለት ነበር። አንተ እኮ ስምህን ያገኘኸው በዚህ ነው፤ «ነጥቧን አትርሱ» እያልክ። … ታውቃለህ፣ አንዳንዴ ነጥብ ሁለቷ ማን ናት እላለሁ። ትኩሳቱ ሲበረታ በሩ ላይ ቆማ አያታለሁ። ትንሽ ሴትዮ ናት፣ እዚህ ጉልበቴ ድረስ። ሙሉ ሰው ለመሆን ስምንት አሥረኛ የሚጎድላት። አትገባም፣ አትወጣም። «ግቢ» ስላት «ቁጥሬ አልሞላም» ትለኛለች። … እየቃዠሁ ነው? ይሆናል። አንተ ግን ስለ ጠራሃት ነው የመጣችው።

— እሺ፣ ወደ ሃያ ሰባት። ልንገርህና አንተው ፍረድ።

— ሦስተኛ ፎቅ ናት። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለሸሚዝ ፋብሪካ እቤቷ ሆና አዝራር ትተክላለች። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፤ መደርደሪያው ላይ አዝራር የሞላባቸው የማርማላታ ብርጭቆዎች፣ በየቀለሙ። ነጭ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ። ፀሐይዋ በእነሱ ውስጥ እያለፈች ግድግዳው ላይ ቀለም ትጥላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀሚሷ በክር ቁርጥራጭ ተሸፍኗል። ቃል ስታወጣ እንኳ ለክታ የምትቆርጥ ነው የምትመስለው።

— ተግባባን። ስለ ዕድሜ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ጠየቅኳት። ከዚያ ነጩን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩላት። አፏን ከፈተች… አንተዬ፣ ቃሉ ጥርሷ ጋ ደርሶ አይቼዋለሁ… በሩ ተከፈተ።

— አዎ፣ እሱ። … ምን ዓይነት ሰው ልበልህ? መልካም ሰው ነው የሚመስለው። ብርቱካን ይዞ ነው የገባው። ልነሣ ስል «ኧረ በእናትዎ ይቀመጡ» ብሎ አስቀመጠኝ። «እጅዎ ታስሯል፣ እኔ ልላጥልዎት» አለኝ። … እኔ እኮ ጭራቅ ይገባል ብዬ አልጠብቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ስዞር አንድ ጭራቅ አላየሁም። ሁሉም ብርቱካን ይዘው ነው የሚገቡት።

— ሰማያዊውን ሳብ አደረግኩ። «በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» … «አራት።» «ስንት ትራስ?» «አንድ።» እሱ ብርቱካኑን እየላጠ ይሰማል፣ ልጣጩ አልተቆረጠም፣ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። «ህልም ያያሉ?»

— አዝራሮቹን ታያለች። ከዚያ «አያለሁ» አለች። «ውሃ ይገባል።»

— «በበሩ ሥር ነው የሚገባው። ድምፅ የለውም። መጀመሪያ የስፌት መኪናውን እግር ይነካል፣ ቀጥሎ አልጋው ላይ ይወጣል። እሱ ተኝቷል። እኔ አዝራሮቹን እየለቀምኩ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣለሁ። ውሃው አገጬ ጋ ሲደርስ አፌን ወደ ጣሪያው አቀናለሁ። ሲነጋ ወለሉ ደረቅ ነው። ደረቅ ስለሆነ ለማንም አልናገርም።»

— … አለህ? … እሱ ሳቀ። «ሁሌም እንዲህ ናት፣ ህልመኛ ናት» አለና አንዱን የብርቱካን ክፋይ ሰጠኝ። በላሁት። ጣፋጭ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ይጎመዝዘኛል።

— ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ደንብ ውስጥ የለም። … ልንገርህ፣ ለኃላፊው ግን አታድርስብኝ። የነጩ ጥያቄዎች እኮ በቃሌ ናቸው፣ እንደ ጸሎት። «ይሄ ህልም ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ስንት ጊዜ ታይቶዎታል? ብዙ ጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ ወይስ አንድ ጊዜ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ገባት። ወዲያው ነው የገባት።

— «ድሮ አልፎ አልፎ ነበር። ዘንድሮ ግን በየሳምንቱ ነው» አለች። … «መጀመሪያ የታየዎት መቼ ነው?» «በተጋባን በሁለተኛው ዓመት።» … «ሲነቁ ሰውነትዎ ላይ የሚሰማዎት ሕመም አለ?» «ጎኔን።» እሱ ከዚያ ማዶ «ትራሱ ነው! ሌላ ትራስ ግዢ ብያታለሁ» ይላል። … «ለሰው ነግረው ያውቃሉ?» «ለእናቴ። ውሃ የማይገባበት ቤት የለም፣ ቻይው አለችኝ።»

— ሁሉንም ጻፍኩ። በግራ እጄ፣ ሰማያዊው ላይ። እሱ አጠገባችን ተቀምጦ፣ እጁ ብርቱካን ብርቱካን እየሸተተ። በመጨረሻ «እኔንም ጻፉኝ እንጂ» አለ። እሺ ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ ህልም የለኝም። እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው» አለኝ። እሱንም ጻፍኩት።

— ካርዱን? ሰጠኋት እንጂ። የእርዳታ ስልኩ ያለበትን ትንሿን። ልሰናበት ስነሣ መደርደሪያውን የማደንቅ መስዬ ሰማያዊ አዝራሮቹ ውስጥ ጣልኩላት። አይታኛለች።

— እና አሁን አንተ «የለም» ልትልልኝ ነው? … ኮምፒዩተሩ ሳይሆን አንተ ነህ ልጄ፣ ኮምፒዩተር ምን ያውቃል? … «አዎ» ብለህ ጻፍ አላልኩህም። ህልም መልስ አይደለም፣ እሱን እስማማለሁ። ነገ ባለ ወፍራም ድምፁ «ቅዠት ነው የቆጠሩት» ቢልስ? በእሷ አፍ እኔ አልናገርም። … ስምንት ቁጥር አለ አይደል? የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ኮድ ስምንት፤ «ሰው ገብቶ ተቋረጠ»። … አውቃለሁ ኃላፊው ስምንት እንደማይወድ። ስምንት የበዛበት ጥናት ያልበሰለ ነው ይባላል ይላል። አይበስላ! ጥሬውን ይዩት። በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይቁጠሩ፣ እሱም እኮ ቁጥር ነው።

— … ስንት ናቸው? ያልቀደድኳቸው? … እዚሁ አልጋችን ሥር ናቸው፣ በጫማ ካርቶን። ሦስት መቶ አርባ ስድስት። … ነጥብ የለውም፣ ሴት በነጥብ አትከፈልም። አንዳንድ ከሰዓት ሰውዬው በማይኖርበት አውጥቼ አነባቸዋለሁ። ስም የላቸውም፣ ህልም ብቻ ናቸው። አንዷ በር የሌለው ቤት ትሠራለች፤ በመስኮት ትገባለች በመስኮት ትወጣለች፣ ሌላ ማንም አያልፍበትም። አንዷ ድምፅ የሌለው ጫማ ታገኛለች። አንዷ ደግሞ… ይቺን እወዳታለሁ… አውቶቡስ ውስጥ ትተኛለች፤ አውቶቡሱ የትም አይቆምም፣ ሾፌሩም አይቀሰቅሳትም። በቃ፣ ይሄ ነው የምኞቷ ጫፍ። ሳነብ ሳነብ የማን ህልም የማን እንደሆነ ይጠፋብኛል።

— … ምን አልክ? … ትጽፈዋለህ? … ስምንት? … እርግጠኛ ነህ? እንጀራህን እንዳላሳጣህ። … እንግዲያው አሁን ጻፈው፣ እየሰማሁ። ስልኩን ወደ ቁልፎቹ አስጠጋው። …

— ሰማሁ። ጠቅ አለ። … ሃያ ሰባት ቁጥር «የለም» አልተባለችም ማለት ነው። … እግዜር ይስጥህ። እግሬ ሥር ሞቀኝ እኮ። ድመቷ ናት ለካ።

— አሁን ልተኛ እችላለሁ። … አይ፣ አትዝጋው። ትንሽ አውራኝ። ደስ ብሎኛል።

— ታውቃለህ፣ የእኛም ቤት አንድ ጊዜ ዕጣ ወጥቶለት ነበር። … አዎ፣ ባለፈው ጥናት። ከስንት ሺህ ቤት መርጦ መርጦ የጠያቂዋን ቤት። መንገድ ላለመሄድ ይሁን ሌላ፣ የቡድን መሪያችን በስልክ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ የአንቺን እቤቴ ሆኜ ልሙላው፣ ያንቺማ የለም ነው አይደል?» አለች። «የለም» አልኩ። ሳቅን። ተሞላ። … አዎ፣ ከሁለቱ በሰላም ከሚኖሩት አንዷ እኔ ነኛ! ባለ ወፍራም ድምፁ ስለ እኔ ነው የሚከራከረው።

— ምን? … ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር? … ሰውዬው ነበራ። ምሳ እየበላ ነበር። … ምን ለማለት ፈልገህ ነው? … እሱ ዝም ብሎ ነው የሚበላው።

— … እጄ? እጄማ ነግሬሃለሁ፣ ወድቄ ነው። … ደረጃ ላይ። … የትኛው ደረጃ? ምን ይሄ ምርመራ… የሃያ ሰባት ቁጥሩ ነው በለው። ስወርድ አዳለጠኝ። … ኧረ በየቤቱ ደረጃ እኮ ነው ሴቱን ሁሉ የጣለው። «ምን ሆንሽ?» ስትላት «ደረጃ»። ምድር ቤት የምትኖረዋ እንኳ «ደረጃ»። ደረጃ ቢከሰስ ኖሮ እስር ቤቱ በደረጃ ብቻ ይሞላ ነበር! …

— ምነው አልሳቅክም? ቀልድ ነው እኮ።

— … ሄሎ?

— … እሰማሃለሁ። ድገመው። … ሃያ ሰባት ቁጥርን በግራ እጄ ከጻፍኩ… ቀኙ ከመግባቴ በፊት ታስሮ ነበር። … አዎ። የእሷ ባልም «እጅዎ ታስሯል» ብሎኛል። እኔው ነኝ የነገርኩህ። … ልክ ነህ። ስወርድ ሳይሆን ከመውጣቴ በፊት ነው።

— አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። …

— አይ፣ አላለቀስኩም። ጉንፋኑ ነው። … ጉንፋኑ ነው አልኩህ። … እሺ፣ እሱ ብቻ አይደለም።

— አንድ ያልነገርኩህ አለ። ሃያ ሰባት ቁጥር እስከ ደረጃው ጫፍ ሸኘችኝ። እሱ ውስጥ ነው። የታሰረውን እጄን አየችው፣ አልነካችውም፣ እጇን ብቻ ከሥሩ ዘረጋች፤ የሆነ ነገር ሊወድቅ ሲል እንደሚደረገው። በሹክሹክታ «እርስዎስ እትዬ፣ ህልም ያያሉ?» አለችኝ።

— ጠየቀችኝ እኮ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጠይቅ እኔን የጠየቀ ሰው የለም። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «እኔማ እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው» አልኳት። የእሱን ቃል። ቃል በቃል። … ፈገግ አለች፤ አውቃለች። አፍሬ ነው የወረድኩት። መጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ሰማያዊውን ከነጩ ጋር ያያያዝኩት። እሷን መቅደድ አልቻልኩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው? የሰው ሁሉ ገመና ሰምቶ የራሴን ሲሰማ…

— ቆይ። … ቆይ አንዴ። በሩ ነው።

— …

— እሺ። ቀጣዩ ጥያቄ… በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?

— … ይሰሙኛል? በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ ነው የምለው።

— መጣህ? ዛሬ ቀደም አልክ። … ከቢሮ ናቸው። … አዲስ ጥናት ነው፣ ስለ እንቅልፍ። … አመጣህልኝ እንዴ? ብርቱካን። እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ አስቀምጠው። … አይ፣ አሁን ይጨርሳሉ።

— ሄሎ? … አዎ፣ አለሁ። … እኔ ልመልስ? … እኔ ነኝ የምጠየቀው? … እሺ። ይጠይቁኝ።

— … አምስት ሰዓት ቢሞላ ነው።

— ሁለት ትራስ አለኝ።

— ህልም? …

— … አያለሁ። … አይ፣ ውሃ አይደለም። ደረጃ ነው። ቤታችን ምድር ላይ ነው፣ አንድ ደረጃ የለውም። በህልሜ ግን ከዚህ ከሶፋው ሥር ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻው አይታይም። ጫፉ ላይ ቆሜ ነው ራሴን የማገኘው።

— ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት… ብዙ ጊዜ አይደለም። አልፎ አልፎ። … ሦስት ጊዜ። … አዎ፣ ያለ ነጥብ።

— መጀመሪያ የታየኝማ… ኧረ ቆይቷል። እርስዎ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይሆናል።

— ስነቃ? … እጄን። ቀኙን።

— ምን ያስቅሃል? … ትራሱ ነው? … ትራሱ ነው ይላል ባለቤቴ። … ጻፉት፣ ይጻፍ።

— ለማን ተናገርኩ? … ለማንም። … አሁን ለእርስዎ።

— … አዎ፣ ካርዱ አለኝ። ቦርሳዬ ሙሉ ነው።

— ኮዱ? … ስምንት ነው። … አልተሳሳትኩም፣ አሁንም ስምንት ነው። ያለፈውም ስምንት ነበር። ያኔ የሞላችው ናት የተሳሳተችው፤ ይታረምልኝ።

— ነገ? … ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሻላል። … ሁለት ሰው ይበቃል። መኪና ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ግድ የለም፣ ከባድ አይደለም። አንድ የጫማ ካርቶን ነው። አልጋው ሥር ነው።

— … አይ፣ ካርቶኑን ብቻ አይደለም። እኔም አብሬው እወጣለሁ።

— ምን አልከኝ? … የቢሮ ወረቀት ነው፣ ነገ ይወስዱታል። … ስለ እንቅልፍ ነው አልኩህ እኮ። … ጨረስን። ልጠው፣ እበላለሁ።

— እሺ። … እሺ፣ ሦስት ሰዓት። … ዛሬ እተኛለሁ፣ አያስቡ። … ደህና ይዋሉ።